አሮጌውን ሕንፃ ሳያፈርሱ ማቆየት፦ ለሰሜን ሸዋ የወረዳ፣ የሰበካና የመስጊድ ኮሚቴዎች የቀረበ መመሪያ

በሰሜን ሸዋ ከነበሩ ታሪካዊ ሕንፃዎች ብዙዎቹ በጦርነት፣ በእሳትና የመንግሥት መቀመጫ ወደ ሌላ ቦታ በመዛወሩ ጠፍተዋል። ዛሬም ቆመው የሚገኙትን ክብ አብያተ ክርስቲያናት፣ የድንጋይ መስጊዶች፣ የመኳንንት ቤቶችና የቀድሞ ትምህርት ቤቶች በይበልጥ የሚያሰጋቸው ግን ከጣራ የሚገባ ውኃና በቅን ልቡና የሚደረግ እድሳት ነው። ውኃው ግድግዳውን ቀስ እያለ በዓመታት ያዳክመዋል፤ እድሳቱ ደግሞ በአንድ በጋ መልኩን ለውጦ፣ ያቆየውን ጭቃና ኖራ በሲሚንቶ ተክቶ፣ ከጊዜ በኋላ ለባለሙያ እንኳ የሚያስቸግር አድርጎት ያልፋል። ስለዚህ ይህ መመሪያ የሚነሣው ከአንድ አሳብ ነው፤ አንድ ማኅበረሰብ ታሪካዊ ሕንፃውን ለማቆየት በቅድሚያ የሚያስፈልገው የጽሑፍ መዝገብ፣ ደረቅ ግድግዳና በየዓመቱ የማይቋረጥ ትንሽ ጥገና ነው። ብዙ ገንዘብ የሚጠይቀው ሥራ ከእነዚህ በኋላ፣ ባለሙያ አይቶትና ፈቃድ ተሰጥቶበት የሚመጣ ነው።

ባለቤቱን ማወቅ

ኮሚቴ ከመቋቋሙ፣ ገንዘብም ከመሰብሰቡ በፊት ሕንፃው የማን እንደ ሆነ በጽሑፍ መረጋገጥ አለበት። ቤተ ክርስቲያን ከሆነ ኃላፊነቱ የሰበካ ጉባኤው ነው፤ ሕንፃውንም ንዋያተ ቅድሳቱንም ቀን በቀን የሚጠብቁት አስተዳዳሪውና ገበዙ ስለሆኑ ያለ እነርሱ የተጀመረ ሥራ አይጸናም። መስጊድ ከሆነ የጀመዓው ኮሚቴና የወረዳው የእስልምና ጉዳዮች ምክር ቤት አስቀድመው ሊጠየቁ ይገባል። የቤተሰብ ቤት ከሆነ ወራሾቹ ሁሉ፣ አዲስ አበባና ውጭ አገር ያሉት ጭምር፣ ስምምነታቸውን በፊርማ ማስፈር አለባቸው፤ አንዱ ወራሽ ሳያውቅ የተጠገነ ቤት የክርክር ምንጭ ይሆናል፣ ክርክር ያለበትን ቤት ደግሞ ማንም ደፍሮ ስለማይነካው ጣራው እስኪወድቅ ድረስ ይቆያል።

በከተሞቻችን የሚገኙ አሮጌ ቤቶች አንዳንዶቹ በ1967 ዓ.ም. በወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 የተወረሱና እስካሁን በቀበሌ ወይም በማዘጋጃ ቤት እጅ ያሉ ናቸው። በእነዚህ ቤቶች ተከራዩ የራሱ ስላልሆነ አይጠግንም፣ አከራዩም የሚያስገባው ኪራይ አነስተኛ ስለሆነ ወጪ አያወጣበትም፤ በመካከሉ ቤቱ ይጎዳል። ኮሚቴው በዚህ ረገድ ሊያደርግ የሚችለው ጠቃሚ ነገር ተከራዩን፣ ቀበሌውንና ማዘጋጃ ቤቱን በአንድ ላይ አነጋግሮ፣ ቢያንስ የቆርቆሮውና የአሸንዳው ጥገና የማን ሥራ እንደ ሆነ በቃለ ጉባኤ ማስወሰን ነው።

የኮሚቴው አባላት ብዛት እምብዛም አያሳስብም፤ ማንነታቸው ግን ያሳስባል። የአካባቢውን የድንጋይና የጭቃ አሠራር የሚያውቅ አንድ ግንበኛ ወይም አናጢ፣ አጣርቶ የሚጽፍ አንድ መምህር፣ ዘመኑን የሚያስታውሱ አረጋውያን፣ በስልኩ ፎቶ አንሥቶ በሥርዓት የሚያስቀምጥ አንድ ወጣት ሊኖሩበት ይገባል። ሴቶችም ለደንቡ ያህል ሳይሆን ስለ ሙያቸው መግባት አለባቸው፤ በገጠራችን ግድግዳ የሚለስኑት፣ ወለል የሚለቀልቁት፣ የትኛው አፈር እንደሚሰነጠቅና የትኛው እንደሚይዝ በእጃቸው የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና። የወረዳው የባህልና ቱሪዝም ባለሙያ ከመጀመሪያው ስብሰባ ጀምሮ ቢገኝ በኋላ የሚጻፈው ደብዳቤ ሁሉ መንገዱ ይቀልለታል።

መዝገቡን ማዘጋጀት

ያልተመዘገበ ሕንፃ ሲፈርስ ፈረሰ የሚል ሰው እንኳ አይገኝለትም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ መዶሻ የማይነሣበት ሥራ ነው። ለእያንዳንዱ ሕንፃ አንድ ማኅደር ይከፈትለትና የሚጠራበት ስምና የቀድሞ ስሞቹ፣ የሚገኝበት ቀበሌና ጎጥ፣ ስልክ የሚያሳየው የመገኛ ነጥብ፣ የባለይዞታው ማንነት፣ አሁን የሚሰጠው አገልግሎት ይጻፍበታል። ከዚያ ሕንፃው ከምን እንደ ተሠራ ከታች ወደ ላይ ይመዘገባል፦ መሠረቱ በዐለት ላይ ነው ወይስ በአፈር ላይ፤ ግድግዳው የተጠረበ ድንጋይ ነው ወይስ ያልተጠረበ፣ ወይስ እንጨትና ጭቃ፤ ማያያዣው ጭቃ ነው ወይስ ኖራ፤ ምሰሶውና ወጋግራው ጥድ ነው ወይስ ወይራ፤ ክዳኑ ሣር ነው ወይስ ቆርቆሮ። ከተቻለ ዙሪያው፣ ቁመቱና የግድግዳው ውፍረት በሜትር ተለክቶ በእጅም ቢሆን ንድፍ ይነሣ።

ፎቶው በዘፈቀደ መነሣት የለበትም። አራቱም ገጾች ከነማዕዘኖቻቸው፣ የውስጡ ክፍሎች፣ ጣራው ከውስጥም ከውጭም፣ በሮቹና መስኮቶቹ፣ ጽሑፍና ሥዕል ያለበት ቦታ ሁሉ፣ ከዚያም የተጎዳው ቦታ ብቻውን ይነሣል። ጉዳት ሲነሣ አጠገቡ የሜትር መለኪያ ወይም ልኩ የታወቀ በትር ይቀመጥ፤ ያለዚያ ስንጥቁ የጣት ይሁን የክንድ በኋላ የሚያየው ሰው አይለይም። በመቅደስ ውስጥ ፎቶ ማንሣት የማይፈቀድበት ሥርዓት ስላለ ካህናቱ የፈቀዱት ብቻ ይነሣል፤ የቀረውን እነርሱ ራሳቸው በቃል እንዲያስመዘግቡ ይጠየቃሉ። ይኸው ሥራ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ማለትም ክረምት ሳይገባ በግንቦትና ክረምቱ ካለፈ በኋላ በመስከረም፣ ከዚያው ቦታ ቆሞ ቢደገም ጉዳቱ በየት በኩል እንደሚሄድ ያለ ክርክር ይታያል።

ታሪኩን ከአረጋውያን ሲጠይቁ «በስንት ዓመተ ምሕረት ተሠራ» ብሎ መጀመር ብዙ አይጠቅምም። «ማን ሲነግሥ»፣ «ጣሊያን ሳይገባ ነው ወይስ ከወጣ በኋላ»፣ «ሣሩ በቆርቆሮ የተለወጠው የማን አለቅነት ጊዜ ነው»፣ «ድንጋዩ ከየት ተጋዘ፣ እንጨቱስ ከየትኛው ጫካ ተቆረጠ» ብሎ መጠየቅ የበለጠ ያስገኛል። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጊዜ ነው የተባለ ሕንፃ እ.ኤ.አ. ከ1813 እስከ 1847 ባለው ዘመን ውስጥ ይገባል፤ ይህም ትክክለኛ ዓመት ባይሰጥም የሚታመን ድንበር ይሰጣል። ሁለት አባቶች ሁለት የተለያየ ታሪክ ከነገሩ ሁለቱም፣ ከተናጋሪው ስምና ከተነገረበት ቀን ጋር፣ ሳይታረሙ ይጻፉ፤ መራጩ ወደፊት የሚመጣው አጥኚ ነው። በተቻለ መጠን ድምፃቸው ይቀዳ።

የማኅደሩ ቅጂ በአንድ ሣጥን ውስጥ ብቻ መቀመጥ የለበትም። አንዱ በሕንፃው ባለይዞታ፣ አንዱ በወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት፣ አንዱ በአቅራቢያ ባለ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት፣ ፎቶውና የድምፁ ቅጂ ደግሞ ከአካባቢው ውጭ በሚኖር ታማኝ ተወላጅ ዘንድ ይሁን። ሰላም በሚደፈርስበት ጊዜ ቢሮም ዕቃ ቤትም እኩል የሚጎዱበት አጋጣሚ ስላለ ይህ ጥንቃቄ እንደ ትርፍ ነገር መታየት የለበትም። የብራና መጻሕፍት፣ የመስቀሎችና የሌሎች ንዋያት ዝርዝር ግን ለሁሉም የሚታይ መሆን የለበትም፤ ዝርዝሩ ሌባ እጅ ቢገባ መንገድ ይመራል።

ሕጉ የሚለውና ደብዳቤው የሚሄድበት መንገድ

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 91 የአገሪቱን የተፈጥሮ ሀብትና ታሪካዊ ቅርሶች መጠበቅ የመንግሥትና የኢትዮጵያውያን ሁሉ ግዴታ መሆኑን ይደነግጋል። ዝርዝሩ የሚገኘው በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ሲሆን፣ በዚህ አዋጅ መሠረት ቅርስ በይዞታው ያለው ሰው በራሱ ወጪ የመጠበቅ ኃላፊነት አለበት፤ የጥገና ሥራ ለመሥራትም አስቀድሞ ዛሬ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ከሚባለው መሥሪያ ቤት ፈቃድ ማግኘት ይኖርበታል፤ ወጪው ከአቅሙ በላይ ሲሆን መንግሥት ሊያግዝ እንደሚችልም ተመልክቷል። ከዚህ ሌላ በአዋጅ ቁጥር 839/2006 ቅርሶች ብሔራዊና ክልላዊ ተብለው የሚመደቡበት ሥርዓት ተዘርግቷል። የአብዛኞቹ የወረዳ ሕንፃዎች ጉዳይ በክልል ደረጃ የሚታይ ስለሆነ ማመልከቻው ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ተነሥቶ ደብረ ብርሃን ወደሚገኘው የዞኑ መምሪያ፣ ከዚያም ወደ አማራ ክልል ቢሮ ይሄዳል።

ደብዳቤው አጭር ይሁን። ስለ ሕንፃው ታላቅነት ሦስት ገጽ ከመጻፍ ይልቅ ማኅደሩን፣ ፎቶዎቹንና የባለይዞታውን ፈቃድ አያይዞ የሚፈለገውን አንድ ነገር ብቻ መጠየቅ፣ ማለትም እንዲመዘገብ፣ ወይም ባለሙያ መጥቶ እንዲያይ፣ ወይም አጠገቡ የታሰበው መንገድ እንዲዞር ብሎ መለየት መልስ ያፋጥናል። የገቢ ቁጥሩ ተመዝግቦ ይያዝ፤ ሹም ሲቀያየር ጉዳዩን ከመጀመሪያው ከመጀመር የሚያድነው ያ ቁጥር ነው።

ውኃ

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ሁሉ ውኃን ከሕንፃው ማራቅ ነው፤ ለዚህም የሚያስፈልገው መሰላል፣ አካፋና ሰው ነው። ክረምቱ በሰኔ አጋማሽ ሳይጠነክር፣ በግንቦት መጨረሻ፣ ጣራው ላይ ተወጥቶ የላላ ምስማር፣ የዛገና የተገለበጠ ቆርቆሮ፣ የሳሳ የሣር ክዳን ይታይ። አሸንዳ ካለ ቅጠሉና የወፍ ጎጆው ይጠረግ፤ የሚፈስበት ቧንቧ ውኃውን ከግድግዳው ሥር እንዳይጥለው ራቅ ተደርጎ ይመራ። አሸንዳ የሌለው ሕንፃ ክፈፉ ሰፊ መሆን አለበት፤ የቀድሞ ግንበኞች የሣር ክዳኑን ከግድግዳው አርቀው የሚያወጡት ነጠብጣቡ መሠረቱን እንዳይነካ ነበር፤ ሣሩ በቆርቆሮ ሲለወጥ ለቁጠባ ተብሎ ክፈፉ የሚያጥርበት ቦታ ሁሉ የግድግዳው ሥር በጥቂት ዓመታት መብላላት ይጀምራል።

በዙሪያው ያለው መሬት ከግድግዳው ወደ ውጭ እንዲያዘቀዝቅ ይስተካከል። በብዙ አጥቢያዎች አፈር፣ ቆሻሻና የፈረሰ ድንጋይ ከዓመት ዓመት እየተከመረ የውጩ መሬት ከውስጡ ወለል በላይ ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ያን ማንሣት ብቻ ሻጋታ የያዘውን ግድግዳ ያደርቀዋል። ቦዩ ከግድግዳው ጥግ ሳይሆን ራቅ ብሎ ይቆፈር፤ ከመሠረቱም ጠልቆ እንዳይወርድ ጥንቃቄ ይደረግ። አፈሩን በሲሚንቶ ማንጠፍ ግን መፍትሔ አይደለም፤ ከሥር ያለው እርጥበት መውጫ ሲያጣ በግድግዳው ውስጥ ወደ ላይ ይወጣልና።

የሞረትና ጅሩ ሜዳ መረሬ አፈር የራሱ ፈተና አለው። በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ በላዩ የቆመ ግድግዳ አብሮት ከፍና ዝቅ ይላል። በእንደዚህ ያለ ቦታ በሕንፃው አጠገብ ባሕር ዛፍ መትከል ጉዳቱን ያባብሰዋል፤ ዛፉ በበጋ የቀረውን እርጥበት መጥጦ መሬቱን ይበልጥ ያኮማትረዋል። ስንጥቅ ሲታይ ወዲያው ከመድፈን በፊት እየሄደ መሆኑን መለየት ይገባል፤ በስንጥቁ ላይ ትንሽ ጄሶ አሻግሮ ለጥፎ ቀኑን መጻፍ ይበቃል። ጄሶው ክረምትና በጋ አልፎ ካልተሰበረ ስንጥቁ የቆየ ነው፣ መደፈን ይቻላል፤ ከተሰበረ ግን መሠረቱን የሚያይ መሐንዲስ መጠራት አለበት። በዚህ ረገድ የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ መምህራንን በደብዳቤ መጠየቅ ለአካባቢው ኮሚቴ ቅርብ መንገድ ነው።

በግድግዳ ላይ የበቀለ ቁጥቋጦ ሥሩ ከወፈረ ተጎትቶ አይነቀል፤ ድንጋዩን ይዞ ይወጣል። ከግድግዳው እኩል ተቆርጦ እስኪደርቅ ይጠበቅና ቀዳዳው በጭቃ ወይም በኖራ ይሞላ።

ጭቃ፣ ኖራና ሲሚንቶ

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ መጻፍ የምፈልገው በዞናችን ከታዩ ጉዳቶች ብዙዎቹ ከዚህ የሚመነጩ ስለሚመስለኝ ነው። ሲሚንቶ ጠንካራ መሆኑ ለአዲስ ኮንክሪት ጥሩ ነው፤ ለአሮጌ ድንጋይና ጭቃ ግን ጥንካሬው ራሱ ጠላት ነው። አሮጌ ግድግዳ እርጥበት ይስባል፣ በማያያዣው በኩልም መልሶ ያወጣዋል። በሲሚንቶ ሲለሰን ወይም መጋጠሚያው በሲሚንቶ ሲደፈን እርጥበቱ ውስጥ ይታሸጋል፤ መውጫ ፈልጎ በድንጋዩ በኩል ሲወጣ የያዘውን ጨው በድንጋዩ ገጽ ላይ ያራግፈዋል፤ የድንጋዩም ፊት እየተላጠ ይረግፋል። ግድግዳው በትንሹ ሲንቀሳቀስ ደግሞ ኖራና ጭቃ አብረው እሺ ሲሉ ሲሚንቶው ስለማይታዘዝ የሚሰነጠቀው ድንጋዩ ይሆናል። የፕላስቲክና የዘይት ቀለምም በግድግዳው ላይ ተመሳሳይ ጥፋት ያደርሳል።

ስለዚህ ደንቡ አንድ ነው፤ ሕንፃው በምን ተሠርቶ እንደ ሆነ በዚያው ይጠገን። ማያያዣው ኖራ ይኑረው አይኑረው ለማወቅ ከማይታይ ቦታ ቁራሽ ወስዶ ሎሚ ቢጨምቁበት ኖራ ያለበት አረፋ ያወጣል። በመንዝና በተጉለት የሚገኙ አብዛኞቹ የድንጋይ ቤቶች ማያያዣቸው ጭቃ ብቻ ስለሆነ ለእነርሱ ኖራም አያስፈልጋቸውም።

ጭቃው የሚዘጋጀው ሁሉም እንደሚያውቀው ከጤፍ ጭድ ጋር ተደባልቆ፣ እየተረገጠ፣ ለቀናት ቦክቶ ነው፤ የሚዘነጋው ግን ሙከራው ነው። በአንድ ክንድ የሚሆን ቦታ ላይ ተለስኖ እስኪደርቅ ይታይ፤ በጣም ከተሰነጠቀ አፈሩ ስብ ነው፣ ማለትም ሸክላው በዝቷል፣ አሸዋ ወይም ጭድ ይጨመርበት፤ በእጅ ሲነካ ከተራገፈ ሸክላው አንሷል። ምስጥ ባለበት ቦታ እንጨት የነካ ጭቃ በየዓመቱ ተገልጦ ይታይ።

ኖራ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ያልጠፋ ኖራ፣ ማለትም ተቃጥሎ ገና ውኃ ያልነካው፣ ውኃ ሲነካው ይፈላል፣ ቆዳና ዐይን ያቃጥላልና ኖራው ወደ ውኃው ይጨመር እንጂ ውኃው በኖራው ላይ አይፍሰስ፤ የሚሠራው ሰው ዐይኑንና እጁን ይሸፍን፤ ልጆች አይቅረቡ። የጠፋው ኖራ በውኃ ተሸፍኖ ለሳምንታት፣ ከተቻለም ለወራት ቢቀመጥ የተሻለ ይሆናል። ለመጋጠሚያ አንድ እጅ ኖራ ለሦስት እጅ ንጹሕ አሸዋ የተለመደ ልክ ነው። ግድግዳው አስቀድሞ በውኃ ይርጠብ፤ ሥራው ካለቀ በኋላም በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ቶሎ እንዳይደርቅ ይጠበቅ፤ ኖራ የሚጠነክረው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ በዝግታ ነውና። ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ በምትገኘው ደብረ ብርሃንና ከዚያም በላይ ባሉ የመንዝ አጥቢያዎች ከጥቅምት ጀምሮ እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ያወርዳል፤ ያልጠነከረ ኖራ ከቀዘቀዘ ይፈረካከሳል። ለደጋው የኖራ ሥራ ተስማሚው ጊዜ ከውርጩ በኋላ፣ ከየካቲት እስከ ግንቦት ያለው ወቅት ሲሆን፣ የበልግ ዝናብ ሲመጣ የሚሸፍን ሸራ ቀድሞ መዘጋጀት አለበት።

በቤተ ክርስቲያን ውስጥ በግድግዳ ላይ ያለን ሥዕል ማንም የአካባቢ ሠዓሊ እንዲያድሰው መፍቀድ አይገባም፤ በእርጥብ ጨርቅም አይወልወል። ብዙዎቹ በጭቃ ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ጨርቅ ላይ የተሣሉ ስለሆኑ ውኃ ከኋላ ሲገባ ጨርቁ ይለቅቃል። ኮሚቴው ሊያደርግ የሚገባው በላዩ ያለውን ጣራ መጠገን፣ የሌሊት ወፍ የሚገባበትን ቀዳዳ በወንፊት ሽቦ መዝጋት፣ የለቀቀውን እንዳይነካ መከለልና ባለሙያ መጠየቅ ብቻ ነው።

የሣር ክዳንና ጓሳ

ቆርቆሮ ከእሳት ይጠብቃል፣ ጥገናውም ቀላል ነው፤ ሁሉም ቤት ወደ ሣር ይመለስ ማለት አይቻልም። አንድ ወረዳ ግን ቢያንስ ጥቂት ሕንፃዎችን በቀድሞ ክዳናቸው ማቆየት አለበት፤ ክዳኑን የሚያውቅ ሰው ካለቀ በኋላ ንድፉ ብቻውን ቤት አይከድንምና። የመንዝ ሰው ለክዳን የሚጠቀምበት የጓሳ ሣር በዚህ ረገድ የሚያኮራ ታሪክ አለው። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሣሩ የሚበቅልበት የጓሳ ሜዳ ቄሮ በሚባል የጋራ ጥበቃ ሥርዓት፣ አባ ቄራ በሚባል አለቃ መሪነት ይጠበቅ ነበር፤ ለተከታታይ ዓመታት ተዘግቶ የሚከፈተውም በጋራ ውሳኔ፣ በተወሰነ ጊዜ ብቻ ነበር። ሥርዓቱ በ1967 ዓ.ም. ከመሬት አዋጁ በኋላ ቢቋረጥም ኅብረተሰቡ ቦታውን በአዲስ መልክ ይዞ ዛሬ የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ አድርጎታል። ለሣር ክዳን ሕንፃ የሚቆም ኮሚቴ ከጓሳው ጠባቂዎች ጋር የአጨዳውን ወቅትና ልክ አስቀድሞ መስማማት ይኖርበታል፤ ክዳኑን የሚያውቁ አረጋውያን በሚሠሩበት ጊዜም ሁለት ሦስት ወጣቶች በአበል አብረው እንዲውሉ ቢደረግ ወጪው የሚያስቆጭ አይሆንም።

የማፍረስ አሳብ ሲነሣ

ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። ምእመናኑ ይበዛሉ፣ አሮጌው ክብ ቤተ ክርስቲያን ወይም ጠባቡ መስጊድ አይበቃቸውም፣ ተወላጆች ገንዘብ ያዋጣሉ፣ ከዚያም በቦታው ታላቅ የኮንክሪት ሕንፃ ይታሰባል። አሳቡን የሚያነሡት ሰዎች ለሃይማኖታቸው ክብር የሚቆረቆሩ ስለሆኑ በቅርስ አጥፊነት መክሰስ ስሕተት ነው፤ ጥቅምም የለውም። የሚሻለው ውሳኔው ሳይጸድቅ፣ ንድፍ ሳይወጣ፣ ሌላ አማራጭ ይዞ መቅረብ ነው፤ አዲሱ በዚያው ቅጽር ውስጥ በሌላ ቦታ ይሠራና አሮጌው ለሰንበት ትምህርት ቤት፣ ለመጻሕፍትና ለንዋያት ማሳያ፣ ወይም በዓመታዊው በዓል ለሚደረግ አገልግሎት ይቆይ። በእስልምናም በኩል አሮጌውን መስጊድ ለቁርኣን ትምህርት ማቆየት ይቻላል፤ በይፋት እንደ ጎዜ ያሉ ጥንታውያን መስጊዶች መኖራቸው ለዚህ ክርክር ጉልበት ይሰጣል። ለቤተ ክርስቲያኑ የሀገረ ስብከቱን፣ ለመስጊዱ የመጅሊሱን ምክር በጽሑፍ ማግኘት፣ የቅርስ ፈቃድ ሳይኖር ማፍረስ በሕግ እንደሚያስጠይቅም በትሕትና ማስታወስ ይገባል። እኔ እንደማምነው አዲስ ሕንፃ በማንኛውም ጊዜ ሊሠራ ይችላል፤ አባቶች የጸለዩበት ግን አንዴ ከፈረሰ በምንም ገንዘብ አይመለስም።

አዲስ ሥራ በታሪካዊ ቦታ ላይ ሲታሰብ አንኮበር መታየት አለበት። በቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ላይ የቀድሞውን ቤት መልክ ተከትሎ የተሠራ ማረፊያ አለ፤ ጎብኚ ያመጣል፣ ሥራም ይፈጥራል። የትኛው አዲስ ግንብ፣ የትኛው የቀድሞ ፍርስራሽ እንደ ሆነ ለጎብኚው በግልጽ መነገሩ ግን በማንኛውም እንደዚህ ባለ ቦታ መሠረታዊ ነገር ነው።

ገንዘብ

ዕድርና ሰንበቴ ካሉበት አጥቢያ የጥገና ገንዘብ አይጠፋም። በየወሩ ከሚዋጣው ትንሽ ክፍል «የጣራ» ተብሎ በተለየ ሒሳብ ቢቀመጥ ለግንቦቱ ሥራ ይበቃል። የባንክ ሒሳቡ በኮሚቴው ስም ሆኖ በሦስት ሰው ፊርማ ይንቀሳቀስ፤ ገቢው በሕጋዊ ደረሰኝ ይሁን፤ ወጪው በንግሥ በዓል ቀን ለሕዝብ ይነበብ። ለተወላጆች የሚላከው መልእክት ከጥገናው በፊትና በኋላ ከአንድ ቦታ የተነሣ ፎቶ ቢይዝ ከማንኛውም ንግግር ይበልጣል።

ሕንፃው የሌለባቸው ቦታዎች

በመጨረሻ የሚቀሩት ግንብ የማይታይባቸው ቦታዎች ናቸው፤ በዞናችንም እጅግ ብዙ ናቸው። አንጎለላ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መቀመጫና ዳግማዊ ምኒልክ በነሐሴ 1836 ዓ.ም. የተወለዱበት ቦታ ነው። ልቼ በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛና ንጉሥ ምኒልክ የታረቁበት ነው። እነዚህን በመሰሉ ቦታዎች የሚጠበቀው መሬቱ ራሱ ነው፦ የመሠረቱ ድንጋይ ለአጥርና ለቤት እንዳይነሣ፣ ማሳው በጥልቀት እንዳይታረስ፣ ለቤት መሥሪያ ቦታ ተሸንሽኖ እንዳይሰጥ ድንበሩ በሚታይ ምልክት ተከልሎ በወረዳው የመሬት መዝገብ ላይ መግባት አለበት። በላዩ ሐውልት የማቆም አሳብ ካለ ለመሠረት የሚቆፈረው ከታች ያለውን ሊያጠፋ ስለሚችል ከድንበሩ ውጭ ይደረግ።

የዘረት ዋሻ ደግሞ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር በዋሻው የተጠለሉትን አርበኞችና ቤተሰቦቻቸውን በመርዝ ጋዝና በጥይት ፈጅቷል፤ አፅማቸውም በዚያው ቀርቷል። እንደዚህ ያለ ቦታ መቃብር ነው። ጎብኚ ያለ አካባቢው አባቶች መሪነት አይግባ፤ አፅም፣ ጨርቅ፣ የጥይት ቀለህም ሆነ የተሰበረ ገል አይነሣ፤ ፎቶ ከመነሣቱ በፊት የሟቾቹ ቤተሰቦች ይጠየቁ፤ የሙታኑ ስም ዝርዝር ከሚያስታውሱ ሰዎች አሁኑኑ ይሰብሰብ።

በእርሻ፣ በመንገድ ሥራ ወይም በቤት ቁፋሮ ላይ አፅም፣ የተጠረበ ድንጋይ ወይም የሸክላ ስብርባሪ የተገኘ እንደ ሆነ ሥራው በዚያው ይቁም፤ የተገኘው ነገር ከቦታው ሳይነቃነቅ በስሱ አፈር ተሸፍኖ በዙሪያው ችካል ይተከል፤ በዚያኑ ቀን ለቀበሌው ይነገር፣ ቀበሌውም ለወረዳው በጽሑፍ ያሳውቅ፤ ባለሙያ እስኪመጣ ድረስም ሁለት ሰው በፈረቃ ይጠብቀው።